በሰሞነ ሕማማት የተማሰ ሥር

ወርቅውሃ የመኪናዋን ሞተር ሳታጠፋ ወረደች። ከዱክ ስትሪት ገባ ብሎ ያለው የመኪና ማቆሚያ ባዶውን ተንጣሏል። የመግቢያው ዘንግ ወደ ላይ እንደተነሣ ቀርቷል፤ ሻምበል ክፍሌ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ቲኬት ሲቆርጡባት የኖሩባት የመስታወት ክፍልም ተቆልፋ አቧራ ለብሳለች። ዕለቱ ጸሎተ ሐሙስ ነበር። ወረርሽኙ ገብቶ ሰውን ሁሉ ቤቱ ከከተተው ገና ወር ቢሆነው ነው፤ የአሜሪካዋ አሌክሳንድርያ ግን ቀትር ላይ እንኳ ባለቤቱ የሞተበት ግቢ መስላ ነበር።

ከማቆሚያው በስተጀርባ፣ ከባቡሩ አጥር ሥር፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ። ወርቅውሃ የጎማ ጓንቷን አጥልቃ፣ ከምትጦራቸው አሜሪካዊት ባልቴት ጓሮ የተዋሰችውን መኮትኮቻ ይዛ ወደዚያ ወረደች። እምቧዩን ለማወቅ አልተቸገረችም። አዲሱ ቡቃያ ገና ከመሬት አልወጣም፤ ያምናው አገዳ ብቻ ደርቆ ቆሟል። እሾኹ ግን ዛሬም አልዶለዶመም። ጫፉ ላይ በረዶ የመታቸው ቢጫ ፍሬዎች እንደ አሮጊት ጉንጭ ተጨማደው ተንጠልጥለዋል። ጎንበስ ብላ መኮትኮት ጀመረች።

ይህን እምቧይ ያሳዩዋት ሻምበል ራሳቸው ናቸው። ገና አሜሪካ በገባች በመጀመሪያው ሐምሌ ምሳ ይዛላቸው መጥታ እጇን ይዘው ወደ ቦዩ ወሰዷት። ቦዩ ዳር ዳሩን አብቦ ነበር። አበባው አምስት ጫፍ ያለው ነጣ ያለ ሐምራዊ ኮከብ ነው፤ መካከሉ ላይ ቢጫ ምንቃሩን ቀስሮ ይቆማል።

«ይኼ የኛ እምቧይ የአክስት ልጅ ነው፣» አሏት። «ሣር አጫጆቹ በየዓመቱ ይጨፈጭፉታል፤ በየዓመቱ ይመለሳል። ምሽጉን ከመሬት በታች ነው የሠራው። ላይ ላዩን ብትመቺው ምን ታመጫለሽ?»

ሻምበል ስለ ምሽግ ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ያን ቀንም ዝቅ አለና ስለ አባቷ ነገሯት። አባቷ ሃምሳ አለቃ ይገዙ በሰሜን ጦር ግንባር በሻምበል ሥር የነበረ ወታደር ነው። አንድ ሰሞን ስንቅም መድኃኒትም ተቋርጦ ሻምበል ሆዳቸውን ይዘው ምሽግ ውስጥ ሲንከባለሉ፣ ይገዙ ጀምበር ስታዘቀዝቅ በደረቱ ተስቦ ወጣ። ጥይቱ በላዩ እያፏጨ የእምቧይ ሥር ምሶ ተመለሰ። አኝከው ዋጡት፤ ዳኑም። ያው ወር ሳያልቅ ይገዙ ተመቶ ወደቀ። ወርቅውሃ ያን ጊዜ ፊደል እንኳ ያልቆጠረች ሕፃን ነበረች። የአባቷን መርዶ ይዘው የመጡት ሻምበል ናቸው፤ ሱዳን እስኪሰደዱም ድረስ ለእናቷ ከደመወዛቸው ሲቆርጡ ኖረዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ ወርቅውሃ የዲቪ ዕጣ ደርሷት ደለስ ኤርፖርት ስትወርድ፣ ካቦርታቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው ሲጠብቋት የነበሩት እኚሁ ሰው ናቸው። «የይገዙ ልጅ፣» ብለው አቀፏት። እስከ ዛሬ ሌላ ስም አውጥተውላት አያውቁም።

ከላይ ውሻ የሚያንሸራሽር ሰውዬ ቆሞ አያት። አፍና አፍንጫውን በሻርፕ ሸፍኗል።

«ኦኬ ነሽ?» አላት።

«ኦኬ ነኝ። አበባ ነው የምቆፍረው።»

ሰውዬው ደረቁን አገዳ አየና ውሻውን ስቦ መንገዱን ተሻገረ።

ሥሩ እንደ ገመድ ወደ ጎን ይሄድና ድንገት ወደ ታች ይታጠፋል፤ ሲስቡት እየተበጠሰ አስቸገራት። እሾኹ ጓንቷን አልፎ ጠቅ አደረጋት። በመጨረሻ ነጣ ያለ፣ የጣት ውፍረት ያለው ሥር ወጣላት። አፈሩን አራግፋ በፌስታል ጠቀለለችና ወደ መኪናዋ ሮጠች።

ነገሩ ጠዋት ነው የጀመረው። እትዬ አሰለፈች፣ የሻምበል ባለቤት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደወሉላት።

«ወርቅዬ፣ ሻምበልን ሆዳቸውን እየቆረጣቸው ነው። ትኩሳቱም አልለቀቃቸው። ምግብ ካፋቸው ከገባ ሦስተኛ ቀናቸው። ሌሊቱን እምቧይ እምቧይ ሲሉ አደሩ። ‹የይገዙ ልጅ ቦታውን ታውቀዋለች፤ ሥሩን ምሳ ታምጣልኝ› ይላሉ። እባክሽ የኔ ልጅ።»

«ያስላቸዋል ወይ እትዬ?»

«ትንሽ ትንሽ። ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ድካም ነው ይላሉ።»

ወርቅውሃ ድካም አለመሆኑን ያን ጊዜውኑ ገብቷት ነበር። የቤት ለቤት አስታማሚ ናት። የምትሠራበት ድርጅት ከወር ወዲህ ለሠራተኞቹ ሁሉ ጣት ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ የምትያዝ የኦክስጅን መለኪያ አድሏል። ትምህርቱም አጭር ነበር፤ ከዘጠና በታች ካያችሁ አትጠብቁ፣ አምቡላንስ ጥሩ። መለኪያዋ አሁንም ቦርሳዋ ውስጥ ናት። ሥር መማስ ከመሄዷ በፊት ይህን ለእትዬ አሰለፈች ማለት ትችል ነበር። ግን «እሺ እትዬ፣ አመጣለሁ» ነው ያለችው። ሻምበል ሲያዙ እሺ ማለት ከልጅነቷ ጀምሮ የተላመደችው ነገር ነበርና።

የቀለበት መንገዱ ቤልትዌይ ላይ መኪና የለም ማለት ይቻላል። ዊልሰን ብሪጅ ላይ ስትደርስ ከላይ የተሰቀለው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ «ቤታችሁ ተቀመጡ» እያለ በቢጫ ፊደል ያበራል፤ ከሥሩ ያለው ወንዝ ብቻ እንደ ወትሮው ይሄዳል። ሜሪላንድ ከመግባቷ ስልኳ ጮኸ። ቲና ናት፣ የሻምበል አንድያ ልጅ። ፔትዎርዝ የሚባል ሠፈር ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ነው የምትኖረው። የምትሠራበት ግሮሰሪ ውስጥ ሁለት ባልደረቦቿ ስለታመሙ ወደ ቤት እንዳትመጣ እናቷ ከልክለዋታል።

«ወርቄ፣ የት ደረስሽ?»

«ድልድዩን ተሻገርኩ።»

«ሊስን። ያንን ሥር ምናምን አምጪለት፣ አይ ዶንት ኬር። ግን ሆስፒታል እንዲሄድ ንገሪው። ማክሰኞ ናይን ዋን ዋን ደወልኩ፤ የአምቡላንስ ሰዎች መጡ። ዳዲ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? ሱፉን ለብሶ፣ ክራባት አስሮ በሩ ላይ ቆመና ‹አልታመምኩም› አላቸው። ሰው አልሄድም ካለ መውሰድ አይችሉም። ጥለውት ሄዱ።»

«ሰምቻለሁ።»

«እኔን አይሰማኝም። ለእሱ እኔ ቤቢ ነኝ። አንቺን ግን ይሰማሻል። ፕሊስ ወርቄ፣ እለምንሻለሁ። ይዘሽው ውጪ።»

«እሺ ቲንዬ። እነግራቸዋለሁ። ቃሌ ነው።»

ይህን ስትል ከልቧ ነበር። ከድልድዩ እስከ ጆርጂያ አቬኑ ድረስ የምትናገረውን ስታደራጅ ሄደች። ሥሩን በእጇ እንደያዘች ትቆማለች። «መጀመሪያ ሆስፒታል፤ ከዚያ ይኼን ያገኙታል» ትላለች። ሻምበል ይቆጡ ይሆናል። ይቆጡ! ቁጣቸው ያልፋል። ሰው ሲተርፍ ቁጣው ይረሳል። ብቻዋን መኪናዋ ውስጥ ጮክ ብላ ተለማመደችው፤ ድምፁም ጥሩ ነበር።

እትዬ አሰለፈች በሩን ከፍተው ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው አፍና አፍንጫቸው ላይ ጠቀለሉ። ወርቅውሃ ከልማዷ ወደ ጉንጫቸው ልትጠጋ ብላ ቆም አለች። እሳቸውም ወደ ኋላ አሉ።

«በሕማማት መሳለም የለም፣» አሉ፤ ሁለቱም በዚህ ሰበብ ደስ አላቸው።

ሳሎኑ ሞቃት ነው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ስኳር ዕቃ ተደግፎ፣ ሰው የሌለበትን ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ በትንሹ ያሰማል። ሻምበል ክፍሌ ፒጃማቸውን ለብሰው በባለመደገፊያ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ፂማቸው ተላጭቷል። እጃቸው ግን ሆዳቸውን ይዟል፤ ከንፈራቸው የአመድ መልክ ይዟል። በየሦስት ቃሉ ቆም እያሉ ነው የሚናገሩት።

«መጣሽ… የይገዙ ልጅ።»

«መጣሁ ሻምበል። እንዴት ዋሉ?»

«እግዜር ይመስገን። አገኘሽው?»

«አገኘሁት።»

«ከዚያው… ከቦዩ?»

«ከዚያው ነው።»

«አምጪያት።»

ፌስታሉ በእጇ ነው። እትዬ አሰለፈች እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ «ስጪኝ ልጠበው» አሉ። ሰጠቻቸው። ልትከራከርበት ይዛው የመጣችው መያዣ እንዲህ በቀላሉ ከእጇ ወጣ።

«ቆይ፣ ጣትዎን ያበድሩኝ ሻምበል፣» አለች።

መለኪያዋን ሌባ ጣታቸው ላይ ቆነጠጠች። ቀይዋ መብራት ትንሽ አሰበችና ቁጥሯን አወጣች። ወርቅውሃ ጣታቸውን አሸት አሸት አድርጋ፣ አሙቃ፣ እንደገና ለካች። ያው ነው። ቀና ስትል ሻምበል ቁጥሯን ሳይሆን የእሷን ፊት እያዩ ኖሯል።

«አሰለፈች፣» አሉ ሻምበል፣ «ሥሩን በቢላ… ላጥ ላጥ አድርጊው። ውሃም አሙቂ።»

እትዬ አሰለፈች ወጥ ቤት ገቡ።

«ስንት አለ?»

«ዝቅ ብሏል።»

«ወታደር ነኝ። ስንት?»

«ሰማንያ አንድ።»

«ከስንት?»

«ከመቶ።»

«ትምህርት ቤት ቢሆን… አልፌ ነበር፣» ብለው ፈገግ አሉ። ፈገግታው በሳል ተቋረጠ።

ወርቅውሃ ተንበርክካ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። «ሻምበል፣ ሆስፒታል መሄድ አለብዎ። አሁኑኑ። ይኼ የሆድ ነገር አይደለም። እምቧይም አይደርስበትም።»

«አውቃለሁ።»

ይህን አልጠበቀችም።

«አውቃለሁ የይገዙ ልጅ። ሥሩን ያልኩት… አፌ እንዲቀምሰው ብዬ ነው። ሆዴም ደግሞ ቆርጦኛል።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «በፈቃዱን ታውቂዋለሽ። የዕድር ጸሐፊያችን። አምቡላንስ የወሰደው ዕለት ሚስቱን ከበሩ መለሷት። ከዚያ ወዲያ አላየችውም። ስልክ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርገው… ነርስ ይዛለት ነው የተሰናበታት። በእንግሊዝኛ ነው ያጽናኑት። በፈቃዱ እንግሊዝኛ ከ‹ታንክ ዩ› አያልፍም።»

«ሁሉም እንደዚያ አይሆንም። የዳኑ አሉ። ኦክስጅን ሰጥተው የመለሷቸው ብዙ ናቸው።»

«ይሆናል። እኔ ግን… ሰው ሲሞት ብዙ አይቻለሁ። አባትሽ ሲሞት ራሱ ጭኔ ላይ ነበር። በስሙ እየጠራሁት ነው የሄደ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ነው የፈራሁት፤ ብቻዬን መሞት። ብቻዬን አትስደጂኝ።» እጃቸውን ዘርግተው የሥራዋን ስስ ጓንት ያጠለቀ እጇን ያዙ። «ውጣ ካልሽኝ እወጣለሁ። ቲናን አልሰማትም፤ ሐኪሞቹንም አልሰማቸውም፤ አንቺን እሰማለሁ። ስለዚህ ነው አትበዪኝ የምልሽ። ላዝሽ አልችልም፤ ሻምበልነቴ ድሮ ቀረ። እለምንሻለሁ። ፋሲካ ትለፍ። ጾሙን ከአሰለፈች ጋር ልፍታ። ሰኞ ወደምትዪኝ እሄዳለሁ።»

ወርቅውሃ ሻምበል ክፍሌ ሲለምኑ ሰምታ አታውቅም። ስደተኛ ጣቢያ ውስጥ እንኳ ውሃ ለምነው እንዳልጠጡ ነው የሚወራው። እጃቸው እጇ ላይ ከብዶ ተኝቷል። ሰኞ ሩቅ መሆኑን ታውቃለች። ሰማንያ አንድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ለቲና የሰጠችውን ቃልም አልረሳችም። ነገር ግን አባቷን አቅፎ የሸኘ ሰው «ብቻዬን አትስደጂኝ» ሲላት፣ መለኪያዋን ከጣታቸው አውልቃ ጭኗ ላይ አኖረች። ያሸነፋት ይሉኝታ ይባል፣ ፍቅር ይባል፣ ፍርሃት ይባል፣ ያን ጊዜ ለይታ አላወቀችውም። ኋላም አላወቀችውም።

እትዬ አሰለፈች የተላጠውን ሥር በሳህን፣ ለብ ያለውን ውሃ በብርጭቆ ይዘው ገቡ። መጀመሪያ ያዩት መለኪያዋን ነው።

«ስንት ነው አለች?»

ሻምበል ወርቅውሃን አዩ። ስልኩ ውስጥ ያለው ቄስ በቀስታ ያነባል።

«ደህና ነው እትዬ፣» አለች ወርቅውሃ። «ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። ደህና ነው።»

እትዬ አሰለፈች ሳህኑን እንደያዙ ዓይናቸውን ጨፍነው አማተቡ።

ሻምበል ሥሩን ቆርጠው አኘኩት። ፊታቸው ተኮማተረ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አቤት ምሬት!» አሉ እየሳቁ፣ «ያው ነው! ራሱ ነው!» ትንሽ ዋጡና የቀረውን በሶፍት ተፉት። ውሃ ጠጡበት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እጃቸው ከሆዳቸው ላይ ተነሣ፤ ወንበራቸውን ተደግፈው ዓይናቸውን ከደኑ። ሥሩ ይሁን ድካሙ ይሁን፣ ቁርጠቱ ተወት ያደረጋቸው መሰሉ። እትዬ አሰለፈች በሹክሹክታ «አረፉ፤ አየሽ አረፉ» እያሉ ወርቅውሃን እስከ በሩ ሸኟት፤ የጸሎተ ሐሙስ ጉልባንም በትንሽ ዕቃ ቋጠሩላት።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ ገና ቀበቶዋን ሳታስር ስልኩ ጮኸ።

«እ? እሺ አለ?» አለች ቲና።

«ተሽሏቸዋል ቲንዬ። ሆዳቸው አርፏል። ተኝተዋል።»

«ኦክስጅኑስ? ለካሽው አይደል?»

ወርቅውሃ የሻምበልን መስኮት አየች። መጋረጃው ተስቧል። እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። ቲና እሷ ካላለች ማንም አይነግራትም።

«ደህና ነው።»

«ኦ ታንክ ጋድ።» ቲና ማልቀስ ጀመረች፤ የእፎይታ ልቅሶ ነበር። «ታንክ ዩ ወርቄ። ታንክ ዩ። ዛሬ እተኛለሁ። ሦስት ቀን አልተኛሁም።»

ለእትዬ አሰለፈች የተናገረችው ውሸት ከሻምበል ጋር የተካፈሉት ነው። ይኼኛው ግን የብቻዋ ነበር። ቤልትዌይን ይዛ ስትመለስ ዕቃው ውስጥ ያለው ጉልባን ይሸታት ነበር፤ ቤቷ ደርሳ ግን አልቀመሰችውም። እንቅልፍ አጥታ ወንበር ላይ ተቀምጣ አነጋች። ሁለት ጊዜ ስልኳን አነሣች። ሁለት ጊዜም «እሳቸው ተኝተው አሁን ማን ይቀሰቅሳል» ብላ አስቀመጠችው።

አርብ ጠዋት ደወለች። «እንቅልፋቸው ጥሩ ነው፣ አልቀስቅሳቸው አልኩ» አሏት እትዬ አሰለፈች። ድምፃቸው ደስ ያለው ነበር። ወርቅውሃ ያ እንቅልፍ ምን ዓይነት እንቅልፍ ሊሆን እንደሚችል ገባት። «ይቀስቅሷቸው እትዬ፣» አለች። «ይቀስቅሷቸውና ያናግሩዎ።»

ስልኩ ሳይዘጋ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ከሩቅ የእትዬ አሰለፈች ጥሪ ይሰማታል። «ሻምበል… ሻምበል… ክፍሌ!» ባላቸውን በስማቸው ብቻ ሲጠሩ የሰማቻቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«አምቡላንስ ይጥሩ!» ብላ ጮኸች ወርቅውሃ በባዶው ስልክ ውስጥ። «እትዬ፣ አምቡላንስ ይጥሩ!»

ጠሩ። ሻምበል በዚያ ቀን በሩ ላይ የሚቆሙበት አቅም አልነበራቸውም፤ እምቢም አላሉ። እትዬ አሰለፈች ነጠላቸውን አጣፍተው ተከትለው ሲወጡ፣ ከእግር እስከ ራሱ የተሸፈነ ወጣት «አይቻልም እማማ» ብሎ በእጁ ምልክት ከለከላቸው። በሩ ተዘጋ። ማታውን ሐኪሞቹ ማሽን ላይ አደረጓቸው። ፋሲካ አለፈ። ሻምበል ሰኞንም አዩ፤ ማየት ከተባለ። ማክሰኞ ንጋት ላይ ለቲና ተደወለላት። አንዲት ነርስ ስልኩን ጆሯቸው ሥር ይዛላቸው ቲና «ዳዲ፣ ዳዲ» እያለች፣ እናትየዋ ከወዲያ በኩል «አለሁልህ» እያሉ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ ነው የተሰናበቷቸው። የፈሩት ሁሉ ሆነ። አንድም አልቀረ።

ሐኪሙ ለቲና በኋላ በስልክ አስረዳት። ሳንባቸው አስቀድሞ ተጎድቶ ነበር አለ። ሐሙስ ቢመጡ ኖሮ ምናልባት። ምናልባት ብቻ። ከዚያ በላይ ማለት አልችልም አለ።

ወርቅውሃ ስለ ሥሩ ሐኪሙን የጠየቀ እንዳለ አላወቀችም። ለራሷ ግን ደጋግማ ጠየቀች። የፈረንጅ አገር እምቧይ መርዝ አለው ሲባል ሰምታለች። ያ ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር፤ ባለማወቅ ያደረሰችው በደል ይሆን ነበርና። እሷ ግን ያኘኳት ትንሽ መሆኗን በዓይኗ አይታለች። ሻምበልን የወሰደው ሥሩ አልነበረም። ሥሩ ያደረገው ነገር ቢኖር፣ አንዲት ቀን ሁሉም የሚያምኑት ነገር እንዲኖራቸው ማድረግ ነው፤ ያቺም ቀን የምታስፈልገው ቀን ነበረች።

ቀብሩ ሐሙስ ዋለ። በወጉ ቢሆን ለሻምበል ክፍሌ ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድርያ የሚመጣው ሰው መንገድ ይዘጋ ነበር። የዱሮ የጦር ጓዶቻቸው ሜዳሊያቸውን አድርገው ይቆሙ ነበር። የመቃብሩ ሥፍራ አስተዳዳሪ ግን ከዐሥር ሰው በላይ አይገባም ብሏል። የቀረው ሕዝብ በየመኪናው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ መንገዱ ዳር ተሰልፏል። ቀሲስ ኃይለመለኮት ጭምብላቸውን እንዳደረጉ ፍትሐቱን አሳጠሩት፤ መስቀሉንም ከሩቅ ዘረጉ። ተቃቅፎ ማልቀስ የለም። ሰው ሁሉ በየቆመበት የየብቻውን አነባ።

እትዬ አሰለፈች ወርቅውሃን ሲያዩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ። «ይኸውላችሁ፣» አሉ ለቆሙት፣ «ይህቺ ልጅ ናት ሥሩን ምሳ ያመጣችላቸው። አንድ ሌሊት እንኳ ሆዳቸው አርፎ አደሩ። እግዜር ይስጥሽ። አባትሽም አንቺም አዳናችኋቸው።» ወርቅውሃ አንገቷን ደፋች። ምስጋናው ከስድብ ሁሉ ይልቅ አቃጠላት። «አይደለም» ማለት ፈለገች፤ ግን በመቃብር አፋፍ ላይ የባልቴትን መጽናኛ እንዴት ይነጥቋል?

ሥርዐቱ አልቆ ሰው ወደየመኪናው ሲመለስ ቲና ከኋላ መጣች። ጥቁር ጭምብል አድርጋለች፤ ዓይኖቿ የአባቷ ዓይኖች ናቸው። ስድስት ርምጃ ያህል ሲቀራት ቆመች።

«ወርቄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዶክተሩ ሐሙስ ቁጥሩ ሎው መሆን ነበረበት አለኝ። ደህና ሊሆን አይችልም ብሎኛል። ስንት ነበር?»

ወርቅውሃ ለመዋሸት የሚሆን አቅም ፈለገች። አልነበራትም፤ ደግሞም በቃኝ ብላ ነበር።

«ሰማንያ አንድ።»



«ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ለኔ ግን ደህና ነው አልሽኝ። ዛሬ እተኛለሁ አልኩሽ። ተኛሁ እኮ! ወርቄ፣ ተኛሁ!» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ዋይ?»

«ለመኑኝ፣» አለች ወርቅውሃ። «ብቻዬን አትስደጂኝ ብለው ለመኑኝ። እምቢ ማለት አቃተኝ።»

ቲና ጭምብሏን ወደ ታች አወረደችው። ምናልባት ልትጮኽ ነው ብላ ወርቅውሃ ራሷን አዘጋጀች፤ ብትጮኽባት ይሻላት ነበር። ቲና ግን ቀስ ብላ፣ ልጅነቷን ሁሉ እናትና አባቷ እየሳቁ ሲያርሟት በኖሩት አማርኛ፣ አንዲቱንም ቃል ሳታበላሽ ተናገረች።

«እኔም ለምኜሽ ነበር።»

ከዚያ ዞር ብላ ወደ እናቷ ሄደች። ወር ሙሉ ያልተነካኩት እናትና ልጅ ተያይዘው መኪና ውስጥ ገቡ። መኪናው ሄደ። ሌሎቹም ተራ በተራ ሄዱ። ሁለት የመቃብር ሠራተኞች ትንሽ ትራክተር እየነዱ መጡና ወርቅውሃን አይተው ቆሙ፤ አንደኛው መሄድ ይኖርባታል እንደማለት በእጁ ወደ በሩ አመለከተ። እሷ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። ሰውዬው ትከሻውን ሰብቆ ሥራውን ጀመረ። ወርቅውሃ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ የመጨረሻው አፈር ተደልድሎ ሠራተኞቹ መሣሪያቸውን እስኪሰበስቡ ድረስ፣ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።